ዊሊን የሚቆጣጠረው የኋላ ፍሬን ነው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሞተር ሳይክልን የፊት ጎማ አንስቶ በኋላ ጎማ ብቻ መንዳትን፣ ማለትም ዊሊን፣ ለመማር ወደ እኔ የሚመጡ አሽከርካሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም «በጋዝ ታነሳዋለህ፤ ከመጠን በላይ ከተነሳ ጋዙን ትለቃለህ» የሚለውን ምክር ይዘው ይመጣሉ። ይህንን ምክር ለዓመታት ሰምቼ ሰልችቶኛል። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ሰውን በጀርባው ያስተኛል።

ምክንያቱን ለመረዳት ጎማው እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ያስፈልጋል። የፊት ጎማ ከመሬት የሚላቀቀው ሞተር ሳይክሉ ፍጥነቱን በኃይል ሲጨምር ነው። የነጂውና የሞተር ሳይክሉ የጋራ የክብደት ማዕከል የኋላ ጎማ መሬት ከሚነካበት ነጥብ 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ ከመሬትም 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። በዚህ ሁኔታ ፊቱን ለማላቀቅ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል መጨመር አለበት። ፊቱ 30 ዲግሪ ከተነሳ በኋላ ግን ማዕከሉ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለሚሄድ እዚያው ከፍታ ላይ ለመቆየት ከዚያ ጭማሪ ግማሹ እንኳ አያስፈልግም፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ማዕከሉ በቀጥታ ከኋላ ጎማው በላይ ስለሚውል ምንም ጭማሪ አያስፈልግም። የሚዛን ነጥብ የምንለው ይህ ነው። እንግዲህ ፊቱን ያነሳው የጋዝ መጠን ሳይቀነስ ከቀጠለ ያው ጋዝ ራሱ ሞተር ሳይክሉን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል ማለት ነው።

ከሚዛን ነጥብ በታች ያለ ነጂ ጋዝ ሲለቅ ፊቱ ይወርዳል፤ «ጋዙን ልቀቅ» የሚለው ምክር እውነት የሚመስለውም ጀማሪዎች ሁሉ እዚህ ስለሚቆዩ ነው። ከሚዛን ነጥብ ካለፈ በኋላ ግን ክብደቱ ራሱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩ ጎማውን የሚይዝበት ኃይል፣ በተለይ ማርሹ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ይህን ለመመለስ ላይበቃ ይችላል። የኋላ ፍሬን ግን የኋላ ጎማውን በቀጥታ ስለሚያዘገይ የተነሳው አካል ወደ ፊት ይዞራል፣ ፊቱም ይወርዳል። ፍሪሲዮን መያዝ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሞተሩን ከጎማው ስለሚለይ የቀረችውን ትንሽ የመያዝ ኃይል እንኳ ያጠፋል።

በመደበኛ መንገድ ለብዙ ዓመታት የነዳ፣ እጁ የሰለጠነ አንድ ተማሪ ነበረኝ። እግሩን ፍሬኑ ላይ እንዲያኖር ደጋግሜ ብነግረውም የእግር መርገጫው ላይ ወደ ኋላ ስቦ ማስቀመጥ ለምዶ ነበር። አንድ ጠዋት ፊቱ ካሰበው በላይ ሲነሳበት ደነገጠና ፍሪሲዮኑን ያዘ። ሞተር ሳይክሉ ከሥሩ ወጥቶ ሄደ፤ እርሱ በጀርባው ወደቀ፣ የእጁ አንጓም ተሰበረ። ፍሬኑ ከጫማው ጫፍ የጣት ርቀት ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ተማሪ ፊቱን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲያነሳ አልፈቅድም፤ በእያንዳንዱ ማንሳት በኋላ ፍሬን ማውረድን ይለማመዳል፣ ባያስፈልገውም እንኳ። እግሩ ሳያስብ መሥራት ሲጀምር ብቻ ከፍታው ይጨመራል። ፍሬኑ በቀስታ ይጫናል እንጂ አይረገጥም፤ ፊቱ ሊያርፍ ሲል ደግሞ ትንሽ ጋዝ ይሰጣል፤ አለበለዚያ ጎማው መሬቱን ይመታና የመሪውን ኩሽኔታ ይጎዳል። በዚህ ሥራ የበሰሉ የትርዒት ነጂዎች ይህን ፍሬን በግራ እጃቸው ጭምር እንዲይዙት በመሪው ላይ ሁለተኛ ማንሻ ያስገጥማሉ፤ ይህ ብቻውን ስለ ፍሬኑ ዋጋ በቂ ማስረጃ ነው።

«መሪውን በጉልበት መሳብ ፊቱን ያነሳል» የሚለውም የተለመደ ነው። የሚያነሳው የሞተሩ ኃይል ነው፤ መሪውን የሚጎትት ሰው መሪውን ያጣምማል፣ ጎማው ተጣምሞ ሲያርፍም መሪው ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል ይርገበገባል። ክንድ ለስላሳ ይሁን፤ ጉልበቶች ታንኩን ይያዙ፣ ግራና ቀኝ ማስተካከልም በጉልበትና በዳሌ ይሁን፤ አየር ላይ ያለ ጎማ አቅጣጫ አይሰጥምና።

የፊት ፍሬን ፊቱን አያድንም፤ የሚያደርገው ቢኖር መዞሩን ያቆመ ጎማ ይዞ መሬት ላይ ማረፍ ነው።

«ፍጥነት ሲጨምር ሚዛን ይሻላል» የሚሉም አሉ። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ በውድቀት ጊዜ የሚለቀቀው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለጀማሪ ዝቅተኛ ማርሽና ዝቅተኛ ፍጥነት በቂ ነው።

በአሁኑ ጊዜ አዘውትሬ የምሰማው ደግሞ «አዲሱ ሞተር ሳይክሌ ኤሌክትሮኒክስ አለው፣ አይገለበጥም» የሚለው ነው። የዊሊ መቆጣጠሪያ የተሠራው ፊቱ እንዳይነሳ ወይም ብዙ እንዳይነሳ ለማድረግ ነው እንጂ ተነስቶ እንዲቆይ ለመርዳት አይደለም። የጎማ መንሸራተትን የሚከላከለው ሥርዓት ደግሞ የሁለቱን ጎማዎች ፍጥነት ያነጻጽራል፤ አየር ላይ ያለው የፊት ጎማ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የኋላው የተንሸራተተ ይመስለውና ኃይሉን በድንገት ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፊቱ ሳይታሰብ ይወርዳል። በሞተር ሳይክልዎ ላይ ያለው ሥርዓት ምን እንደሚያደርግ ከመነሳትዎ በፊት ይወቁ።

ባዶ መንገድ ለልምምድ ይበቃል የሚባለውንም አልቀበልም። ፊቱ ሲነሳ ከፊት ያለውን መንገድ ራሱ ሞተር ሳይክሉ ይጋርደዋል፤ የገባ ሰው ወይም እንስሳ አይታይም። የተዘጋ ቦታ፣ ሙሉ ሄልሜት፣ የጀርባ መከላከያና ጓንት፣ እንዲሁም ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ያስፈልጋሉ።

በመጨረሻም፣ ዊሊ የሚጎዳው ነጂውን ብቻ ነው ለሚሉ፦ ፊቱ ለረጅም ጊዜ ተነስቶ ሲቆይ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ፓምፑም በዘይት ፋንታ አየር ሊስብ ይችላል። የዘይት መብራት ከበራ ፊቱን ወዲያው ያውርዱ፣ ሞተሩን አጥፍተው የዘይቱን መጠን ይመልከቱ።