ዓለምን ከጀርባ የሚዘውረው ማነው? ስለ ቲንክ ታንኮች የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ አቦሉ በኑሮ ውድነት ያልቃል፤ ቶናው ሲቀዳ ወሬው ዋሽንግተን ይገባል። «ኧረ ተዉኝ! ማን ቢመረጥ ምን ይለወጣል? ከጀርባ ሆነው የሚዘውሩት እኮ ሌሎች ናቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። «ሌሎች» የሚባሉት ብዙ ጊዜ ቲንክ ታንኮች፣ ማለትም የፖሊሲ ጥናት ተቋማት፣ ናቸው። በውጭ ጉዳይና በጸጥታ ላይ ጥናት ያወጣሉ፣ ዝግ ስብሰባ ያዘጋጃሉ፣ የቀድሞ ሚኒስትርና የቀድሞ ጄኔራል አይጠፋባቸውም።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ስለዚህ ደጋግመው የሚነሱትን እየነጠልን እንያቸው። የውጭውን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. አለበት።

«አሜሪካን የሚገዛው የውጭ ግንኙነት ምክር ቤት ነው»

ከሁሉም የከረመው ወሬ ይሄ ነው። ስሙ ምክር ቤት ቢሆንም የመንግሥት አካል አይደለም፤ በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቋቋመ ቲንክ ታንክ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ጠበቆች፣ የባንክ ሰዎችና ምሁራን ነበሩ። ዝም ብሎ ተመዝግቦ አባል መሆን አይቻልም፤ የነበረ አባል መጠቆም አለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች አዘጋጅቷል። ብዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችም አባሉ ነበሩ። ስለዚህ «ምንም ተሰሚነት የላቸውም» የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል።

መሰማትና ማዘዝ ግን ለየቅል ናቸው። በ2016 ምርጫ ዋዜማ 50 የሪፐብሊካን ፓርቲ ነባር የጸጥታና የውጭ ጉዳይ ሰዎች ትራምፕን እንደማይመርጡ በደብዳቤ አስታወቁ። የዚህ የቲንክ ታንክ ሰፈር ታላላቆች ናቸው። ትራምፕ አሸነፈ። ደብዳቤው የጠቀመው ነገር ቢኖር ለፈራሚዎቹ የሥልጣን በር መዝጋት ነበር። የአሜሪካ የሰላም ኢንስቲትዩትንም እዩት። ኮንግረስ በ1984 በሕግ ያቋቋመው ነው። በ2025 የቦርድ አባላቱ ተባረሩ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ተሰናበተ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዓለምን የሚገዛ ተቋም ቢያንስ የገዛ ሕንፃውን ማስጠበቅ አያቅተውም ነበር።

ታዲያ ጉልበታቸው ምኑ ላይ ነው? አስቀድሞ ማዘጋጀቱ ላይ። ለበዓል ብሎ ቀድሞ ሰፍቶ እንደሚሰቅል ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገዢው ሲመጣ ከተሰቀለው ልኩን ያነሳል። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሲቀየር ወደ 4,000 የሚጠጉ የፖለቲካ ሹመቶች አሉ። አዲሱ ተሿሚ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ተረጋግቶ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ ስልኩ ይጮሃል፣ ቀውሱ ይመጣል። ያኔ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ወረቀት ዋጋ ያገኛል። ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ለሚባለው ወግ አጥባቂ ቲንክ ታንክ ይህ ቀድሞ ገብቶታል። ሬጋን በ1981 ሥልጣን ሲይዙ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ የምክር ሰነድ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

ከወረቀቱ ጋር ሰውየውም አብሮ ይገባል። ሄንሪ ኪሲንጀር በ1950ዎቹ የውጭ ግንኙነት ምክር ቤቱ የጥናት ቡድን ውስጥ ስለ ኑክሌር መሣሪያ የሚጽፍ ወጣት ምሁር ነበር። በ1969 የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሆነ። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ፓርቲያቸው ሲያሸንፍ ቢሮ ይገባሉ፤ ሲሸነፍ ወደ ተቋማቸው ተመልሰው እየጻፉ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ሁሉም ነገራቸው ምስጢር ነው»

ይሄ የመጣው ከቻተም ሃውስ ደንብ ይመስለኛል። ቻተም ሃውስ በ1920 ለንደን ላይ የተመሠረተ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ተቋም ነው። በ1927 ያወጣው ደንብ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ስብሰባው ላይ የሰማኸውን ተጠቀምበት፤ ማን እንደተናገረው ግን አታውጣ። ባለሥልጣኑ ነገ ስሙ ጋዜጣ ላይ እንደማይወጣ ካወቀ የልቡን ይናገራል ነው ሐሳቡ። ደንቡ መሸሸጊያም ይሆናል፤ እዚህ ላይ የሚያማርሩ ሰዎች አይፈረድባቸውም።

(በነገራችን ላይ ተቋሙ ያለበት ቤት ድሮ የሦስት የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች መኖሪያ ነበር። አንዱ ሎርድ ደርቢ ናቸው። በ1867 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ እንዲዘምት ሲወሰን ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ።)

የቀረው ሥራቸው ግን አደባባይ ላይ ነው። ሪፖርታቸው በነፃ ይነበባል፤ የውጭ ግንኙነት ምክር ቤቱ የአባላቱን ስም ሳይቀር ያወጣል። ሶቪየት ኅብረትን አግዶ የመያዝ ፖሊሲ ለሕዝብ የተብራራው በ1947 በምክር ቤቱ መጽሔት ላይ ነው። ጸሐፊው ጆርጅ ኬናን ስሙን ደብቆ «ኤክስ» ብሎ ፈረመ እንጂ መጽሔቱ ለማንም ይሸጥ ነበር። ምስጢር የሚመስለን ብዙ ጊዜ ስለማናነበው ነው።

«አፋቸው አንድ ነው»

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የኦጋዴን ጦርነት ይበቃል። የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የጃፓን ታዋቂ ሰዎችን የሚያሰባስበው ትራይላተራል ኮሚሽን የሚባለው ቡድን በ1973 በባንክ ባለሀብቱ በዴቪድ ሮክፌለር አነሳሽነት ተመሠረተ። ሴራ አዳኞች አብዝተው የሚወዱት ስም ነው። ምክንያትም አላቸው፦ ጂሚ ካርተር አባል ነበሩ። በ1977 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሳይረስ ቫንስም፣ የደኅንነት አማካሪያቸው ዝቢግኒየቭ ብሬዚንስኪም ከዚያው ቡድን መጡ።

«አየህ፣ ያው ናቸው» ትሉ ይሆናል። አብሽሩ፣ አላለቀም። የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወሮ፣ ሶቪየትና ኩባ ደርግን ደግፈው ሲገቡ፣ ሁለቱ ሰዎች ተፋጠጡ። ብሬዚንስኪ የአሜሪካ አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ወደ አካባቢው ይላክ አለ። ቫንስ ጉዳዩ የአካባቢ ግጭት ነው፣ ከሶቪየት ጋር የተጀመረውን የጦር መሣሪያ ድርድር እንዳያበላሽብን ብሎ ተከራከረ። ካርተር ቫንስን ሰሙ፤ መርከቡም ቀረ። ብሬዚንስኪ ግን ድርድሩ የተቀበረው ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ነው እያለ ኖረ። ያን ጊዜ ከየክፍለ ሀገሩ፣ ከወሎም ጭምር፣ ገበሬው ሚሊሺያ ሆኖ እየዘመተ ነበር። የዘማቾቹ ዕጣ ዋሽንግተን ላይ ያከራከረው የአንድ ቡድን አባላትን መሆኑን ማን ነገራቸው?

በኢራቅም እንደዚያው ሆነ። በ2006 መጨረሻ በጄምስ ቤከርና በሊ ሃሚልተን የተመራ ትልቅ የጥናት ቡድን የአሜሪካ ተዋጊ ጦር ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ መከረ። አሜሪካን ኢንተርፕራይዝ ኢንስቲትዩት የሚባለው ቲንክ ታንክ ደግሞ ጦሩ ይጨመር የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ቡሽ ጨመሩ።

«ገለልተኛ ምሁራን ናቸው፤ ያሉት ሁሉ ጥናት ነው»

ይሄኛው በተቃራኒው ጎራ ያለ ስህተት ነው። የተማረው ክፍል የሚወድቅበትም እዚህ ነው። ሴራ ብሎ የሚያወራውን እየሳቀ፣ የአንድ ተቋም ሪፖርት ሲያገኝ ግን ልክ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያጣቅሰዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ራንድ ኮርፖሬሽን ሲወለድ የአሜሪካ አየር ኃይል ልጅ ነበር፤ ከመከላከያ የሚያገኘው ገንዘብ ዛሬም ብዙ ነው። በ2014 ኒው ዮርክ ታይምስ የውጭ መንግሥታት በዋሽንግተን ቲንክ ታንኮች ላይ የሚያፈሱትን ገንዘብ ዘርዝሮ አወጣ። ኳታር ለብሩኪንግስ በአራት ዓመት የሚከፈል 14.8 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምታ ነበር። ኖርዌይም ከሰጪዎቹ አንዷ ነበረች። ብሩኪንግስ ገንዘብ ሰጪ ጥናታችንን አይቀይርም ብሎ መለሰ።

ምናልባት እውነቱን ነው። አንድ ተመራማሪን ጠርቶ «እንዲህ ብለህ ጻፍ» የሚል ሰው ብዙ ላይኖር ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የማይጻፈው ነው። ገንዘብ የሚሰጥህን አገር እስር ቤቶች ለማጥናት ሐሳብ ታቀርባለህ? ሳታቀርበው ትቀራለህ፤ ማንም ደግሞ ከለከለኝ አትልም። ሰው የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል አይወድም።

እስቲ በቅርቡ ስለ ኢትዮጵያ የወጣ አንድ ሪፖርት ክፈቱ። ማጠቃለያውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ግርጌ ማስታወሻው ውረዱ። ኢንተርናሽናል ክራይሲስ ግሩፕን የመሰሉ ጠንቃቃ ተቋማት ማንን የት እንዳነጋገሩ ይጽፋሉ፦ ዲፕሎማት፣ አዲስ አበባ፤ ባለሥልጣን፣ በስልክ። ቁጠሩት። ስለ ሰሜን ወሎ የሚያወራ አንቀጽ ላይ ወልድያ፣ ቆቦ ወይም ላሊበላ የሚል ስም ስንት ጊዜ አለ? ከሌለ አንቀጹ ውሸት ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የታየ ወሎ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ሂዱና የለጋሾቹን ዝርዝር አንብቡ። ክራይሲስ ግሩፕ ያወጣዋል። የማያወጡም አሉ፤ እነሱን በጥርጣሬ ብታነቡ ማንም አይቀየማችሁም።

«ቲንክ ታንክና ሎቢስት ያው ነው»

አይደለም። ለውጭ መንግሥት ተቀጥሮ አሜሪካ ውስጥ የሚያግባባ ሰው በ1938ቱ ሕግ መሠረት የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ውሉና ክፍያው ኢንተርኔት ላይ ተከፍቶ ይታያል። ቲንክ ታንክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ለኔ ይሄኛው ነው የባሰው፤ ሎቢስቱ ቢያንስ ማን እንደከፈለው ይታወቃል።

«ይሄ ሁሉ ለወሎ ምኑ ነው?»

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። ውሉን ጣሊያንን ወክሎ የተደራደረው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ወደ ሸዋ የመጣው ከጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ ጋር በተያያዘ ነው። ማኅበሩ በ1867 የተቋቋመ የምሁራንና የመኳንንት ስብስብ ነበር። በ1876 በማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ ቡድን ለምርምር ብሎ ላከ። ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ቦታ ሰጧቸው። ወፍና ዕፅዋት ሰበሰቡ፣ አገሩን አጠኑ። አንቶኔሊ ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ፤ ቀስ በቀስ የቤተ መንግሥት ወዳጅ፣ ከዚያም የጣሊያን መንግሥት መልእክተኛ ሆነ። የጥናት ማኅበር በር ሲከፍት ፖለቲካው ተከትሎ ገባ። ቲንክ ታንክ የሚለው ስም ገና ሳይኖር ነገሩ ወሎ ደርሶ ነበር።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አንዱ ተስፋ አጎዋ ነበር፤ በ2000 የወጣው፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ። ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ያስታወቁት ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በገቡበት በዚያው ሰሞን ማለት ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ፓርኩ በጦርነቱ ተጎድቶ፣ ገበያውም ተዘጋበት። ሠራተኛው «የሆነ ቲንክ ታንክ ነው ያስወሰነብን» ቢል አይገርምም።

ውሳኔው ግን የፕሬዚዳንቱ ነበር። ሕጉ ራሱ የሰብአዊ መብት መስፈርት አለው፤ በየዓመቱም ይገመገማል። በዚያ ሰሞን ኢትዮጵያ ትውጣ የሚሉም፣ ብትወጣ የሚጎዳው የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ናት የሚሉም ጽሑፎች ወጥተዋል። መንግሥት የፈለገውን ለመወሰን የሚያጣቅሰው ወረቀት አያጣም።

አንዳንዴ ደግሞ ወረቀት ጭራሽ አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረው ከኮረም የተቀረፀው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተነቃነቀ። ደርግን አምርሮ የሚጠላው የሬጋን መንግሥት እንኳን እህል በብዛት ላከ። ያን ያደረገው የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ነው።

«ቲንክ ታንክ የፈረንጅ ነው፤ እኛ ዘንድ የለም»

አለ። ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ ከ1998 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት የመንግሥት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው የነበረው የጣና ፎረም በ2012 ባሕር ዳር ላይ ተጀምሮ የአፍሪካ መሪዎችን እያመጣ ያወያይ ነበር። ከፋዩ ማነው የሚለው ጥያቄ ለእነሱም ይነሳል፤ በመንግሥት በጀት ወይም በለጋሽ ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ዋሽንግተን ቢሆን አዲስ አበባ፣ ጥያቄው አይቀየርም። እነሱም ስለ ወሎ ሲጽፉ ወደ ግርጌ ማስታወሻው ወርዶ ወልድያንና ኮምቦልቻን መፈለግ ነው።