ከኩዊልት ወደ ሹራብ፦ የሎግ ካቢን አሰራር

ኩዊልት ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ መሃሉ ጥጥ ወይም ሌላ ሙሌት ገብቶበት የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። ሹራብ ሰሪዎች ከዚህ ስፌት ብዙ ወስደዋል፣ በጣም የሰመረው ግን ሎግ ካቢን የሚባለው ይመስለኛል። መሃል ላይ ትንሽ ካሬ ትሆናለች፣ ከዛ ጠባብ ጠባብ ጨርቅ በአራቱም ጎን እየዞረ ይሰፋባታል።

የዚህ ስፌት ውበት ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ወንዝ በሶስት ጎን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር ናት። ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ጆሴፍ ጂ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1816 በጀመረው የጥጥ እርሻ በባርነት የሰሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ያረጀ የስራ ቱታና ጂንስ ሳይቀር እየቆረጡ ይሰፉ ነበር፣ መስመሩ ቀጥ አይልም፣ ካሬ በካሬ እየተከበበ የሚያድገውን ንድፍ ሀውስቶፕ ይሉታል፣ አንዳንዴ ሙሉ ኩዊልቱ እንዲህ ያለ አንድ ትልቅ ካሬ ብቻ ይሆናል። በ1966 ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል ማህበር አካባቢው ላይ ተቋቋመ፣ በ2002 ደሞ ስራዎቻቸው ሂውስተን ሙዚየም ከዛም ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ቀረቡ፣ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ላይ አወጣቸው። ዛሬ በዚህ ስታይል ሹራብ የሚሰራ ሰው የነዚህን እናቶች ስም ቢያነሳ ደስ ይለኛል፣ የሚገባቸው ነው።

ሹራብ ላይ አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ካሬዋ ስታልቅ ቀለበቶቹ፣ ማለትም መርፌው ላይ ያሉት የክር ዙሮች፣ ይዘጋሉ፣ የመጨረሻዋ ብቻ መርፌው ላይ ትቀራለች፣ ስራው ወደ ጎን ይዞርና ከጠርዙ ላይ አዲስ ቀለበት እየተለቀመ በሌላ ከለር ቀጣዩ ጥብጣብ ይሰራል፣ ሲያልቅ ደሞ ይዘጋና እንደገና ይዞራል፣ እንዲህ እያለ ብርድ ልብስ እስኪያክል ያድጋል። ቁራጮቹን የሚያያይዝ ስፌት ጭራሽ አያስፈልግም። ይሄ የሚሆነው ፊቱም ጀርባውም በአንድ አይነት አሰራር ሲሰራ ነው፣ ጋርተር የሚሉት፣ ሁለት ረድፍ ተሰርቶ አንድ ጉብታ ይወጣል፣ የጉብታው ቁመት ደሞ ከአንድ ቀለበት ስፋት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚ በ20 ቀለበት ጀምሮ 40 ረድፍ የሰራ ሰው ካሬ አገኘ፣ ከጎኑም ከየጉብታው አንድ እየለቀመ ያንኑ 20 ያገኛል። ለስላሳ ፊት ያለው የተለመደው ሹራብ ግን ጠርዙ ስለሚጠቀለልና ልኩም ስለማይገጥም ለዚህ አይመችም።

ሁሉም ስፌት ግን እንዲህ በቀላሉ አይሻገርም። የሰሜን ጃፓን ኮጊን የሚባለው ስፌት ለምሳሌ ጥጥ መልበስ የተከለከሉ ገበሬዎች ሄምፕ ከሚባል ተክል ጭረት የተሰራ ልብሳቸውን ለሙቀት ብለው በነጭ ክር የሰፉበት ነው፣ የጨርቁ ክር አንድ፣ ሶስት፣ አምስት እየተባለ በጎዶሎ ስለሚቆጠር ንድፉን ለባለ ሁለት ከለር ሹራብ መገልበጥ ይቻላል፣ ችግሩ የሹራብ ቀለበት ከቁመቱ ስፋቱ ስለሚበልጥ ዳይመንዱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ቁመት እንዲያገኝ ረድፍ መጨመር ያስፈልጋል።