የፍራፍሬ ወይን ጠጅ በአንድ ክፍል ቤት፦ አዳማ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አናናስ፣ ፓፓያና ማንጎ በሚረክስበት ወቅት ወይን ጠጅ የመጥመቅ ሐሳብ የሚመጣለት ብዙ ነው፤ መካሪም አይጠፋም። ከምክሩ ከፊሉ ከጠጅና ከጠላ አጠማመቅ የተወሰደ ነው። የቀረው ቀዝቃዛ ምድር ቤት ላላቸው አገሮች የተጻፈ ነው። ሁለቱም አዳማ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ኮንዶሚኒየም ላይ፣ እንዳለ ሲወሰዱ ያሳስታሉ።

«ጓዳ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል»

ለ5 ሊትር የሚያስፈልገው አንድ ጄሪካን የሚቆምበት ቦታ ነው። አተላው ሲቀነስ 5 ወይም 6 ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይወጣዋል። እንዲያውም ትንሽ መጥመቅ ለአዳማ ያመቻል። እርሾ ሲሠራ ሙቀት ያወጣል፤ 20 ሊትር ያንን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል፣ 5 ሊትር ግን በጎኑ ቶሎ ያስወጣዋል።

የሚያሰጋው የቦታ ጥበት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። እርሾ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ጥሩ ይሠራል። ከ30 ሲያልፍ መጠጡ እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ሹል ሽታ ያመጣል፤ ወደ 35 ሲጠጋ እርሾው ይደክምና ስኳሩን ሳይጨርስ ሊያቆም ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጄሪካኑን 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ያቁሙት፣ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልሉት፣ የጆንያው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይንጠልጠል። ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዘዋል። ነፋስ በሚያገባ መስኮት አጠገብ፣ ግን ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ነፋስ አታጣም። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ስለሚረጥብ ዘዴው ይደክማል፣ ያን ጊዜ ግን ሙቀቱም ይቀንሳል። ቁም ሳጥን አናት ላይና ከፍሪጅ ጀርባ ግን በጭራሽ አይቀመጥም።

«ያለ ጌሾ አይፈላም»

ጌሾ ለጠጅና ለጠላ ምሬትና ጠረን ይሰጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያንም ያዳክማል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ግን እርሾ ነው። ለ5 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ ይበቃል። በአናናስ ላይ ጌሾ መጨመር የፍሬውን ጠረን ከመዋጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

«ስኳሩ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል»

እስከተወሰነ ድረስ እውነት ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። የዳቦ እርሾ ግን ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ይዝላል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ስኳር ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ከመጠን በላይ ከተጨመረ ደግሞ እርሾውን ገና ሳይነሣ ያፍነዋል።

ለ5 ሊትር የአናናስ ጥንስስ፦ ተልጦ የተመዘነ 2 ኪሎ አናናስ፣ 700 ግራም ስኳር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ 5 ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ። ፍሬው ራሱ 240 ግራም ያህል ስኳር ስለሚያመጣ ወደ 11 በመቶ ይጠጋል። ግማሹን ስኳር በመጀመሪያው ቀን፣ ግማሹን በሦስተኛው ቀን መጨመር እርሾውን አያስጨንቀውም። ሁለተኛው ሲጨመር አረፋው በድንገት ስለሚገነፍል ቀስ ይበሉ።

ፓፓያ በዚህ ልክ አይሄድም። አሲዱ በጣም አነስተኛ በመሆኑ ወይኑ ጣዕም አልባ ይሆናል፣ በቀላሉም ይበላሻል። ለ5 ሊትር ከ10 እስከ 12 ሎሚ መጭመቅ ያስፈልጋል፤ ጭማቂው ብቻ ይግባ፣ ልጣጩ ያመርራል። የፓፓያው ዘርም በደንብ ተጠርጎ ይውጣ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ከላይ ያለው ጥንስስ ተብላልቶ እስኪያልቅ ከ200 ሊትር በላይ ጋዝ ያወጣል። የተጠረቀመ ጄሪካን መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል፤ ጠርሙስ ከሆነ ስባሪው ሰው ይጎዳል።

በተቃራኒው ክፍቱን የተተወም አቼቶ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ቀናት ከ7 እስከ 8 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅና በላስቲክ ታስሮ ይቀመጣል። እርሾው ለመራባት አየር ይፈልጋል፤ ጨርቁ የሚከለክለው የአቼቶ ባክቴሪያ ይዛ የምትመጣውን ትንሿን የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ፍሬ እንዳይሻግት ጠዋትና ማታ ወደ ታች ይደፈቃል።

ከዚያ ተጠልሎ ወደ ጄሪካን ይገለበጣል፣ ከአፉ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ይሞላል። ክዳኑ ይበሳና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የግሉኮስ ቱቦ ይገባበታል፤ ዙሪያው በሰም ይደፈናል። የቱቦው ውስጠኛ ጫፍ ወይኑን አይንካ፣ ውጪኛው ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ። ጋዝ ይወጣል፣ አየር አይገባም።

«አረፋው ካቆመ አልቋል»

ሌሊት ስለቀዘቀዘም ሊያቆም ይችላል፤ ጋዙ በክዳኑ ዳር ከሾለከም አረፋ አይታይም። ስኳር ቀርቶት የታሸገ ወይን በመጋቢት ሙቀት እንደገና ይነሣና ቡሹን ይወረውራል። ሃይድሮሜትር (ወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚያመላክት ተንሳፋፊ መለኪያ) ያለው ሰው ንባቡ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ለአንድ ሳምንት አለመለወጡን ያያል። የሌለው በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞክር፦ ሦስት አራተኛውን ሞልቶ፣ ጎኑን ጨምቆ አየሩን አስወጥቶ ይዝጋና ሞቃት ቦታ ለ3 ቀን ይተወው። ጠርሙሱ ከተነፋና ከጠነከረ ገና ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ አተላው ሳይነካ በቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዳል፤ አንድ ወይም ሁለት ወር ቆይቶ ሲጠልል ይታሸጋል። አተላው ላይ የከረመ ወይን የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ሊያመጣ ይችላል።

«የቤት ወይን ዓይን ያሳውራል»

ዓይን የሚያሳውረው ሜታኖል ነው። ፍሬ ሲብላላ የሚወጣው ሜታኖል በጣም ጥቂት ነው፣ አረቄ ሆኖ ባልወጣ ወይን ውስጥም ለአደጋ አይደርስም። በጅምላ የሚገድሉ መጠጦች በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል የተቀላቀለባቸው ናቸው። ወይኑን አረቄ አድርጎ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የአልኮል እንፋሎትና የምድጃ እሳት መገናኘታቸው ብቻ ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

«የተበላሸ ፍሬ ለወይን ይሆናል»

በጣም የበሰለ፣ አዎ። የሻገተ፣ በጭራሽ፤ የሻገተውን ቆርጦ መጣል አያድነውም።

«በወይራ የታጠነ ዕቃ ንጹሕ ነው»

ጭሱ ለጋንና ለእንስራ ነው። ፕላስቲክ ሲታጠን ሽታውን ይዞ ይቀራል እንጂ አይጸዳም። 5 በመቶ በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ በጥብጦ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይሻላል። የበረኪና ቅሪት ወይኑን መድኃኒት መድኃኒት እንዲል ያደርገዋል። አልሙኒየም ድስትና ባልዲም ይቅር፤ አሲዱ ይበላዋል።

«ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል»

ይህ ለጥቂት የወይን ዘለላ ዓይነቶች እንጂ ለአናናስና ለፓፓያ አይሠራም። እነዚህ ከ3 ወር በኋላ ይለሰልሳሉ፣ በአዳማ ሙቀት ዓመት ሳይሞላቸው ቢጠጡ ይመረጣል። ቀለሙ ወደ ቡናማ እየሄደ የደረቀ ለውዝ ዓይነት ጠረን ካመጣ አየር ገብቶታል። በሃይላንድ ፕላስቲክ ከአንድ ሁለት ሳምንት በላይ አይቀመጥ፤ ፕላስቲኩ አየር ያሳልፋል። የመስታወት ጠርሙስ እስከ አንገቱ ተሞልቶ አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ባለ ቡሹ ይጋደም፣ ባለ ብረት ክዳኑ ይቁም። ጣፋጭ የሚወድ ስኳሩን ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ሲቀዳ ብርጭቆው ውስጥ ይጨምር።