ሐይቅ፦ ታንኳው፣ ገዳሙና ደራሹ

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ነው። ከተማውም ውኃውም ስማቸው አንድ ነው። የውኃው ስፋት ብዙ ጊዜ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ 35 የሚሉም አሉ። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዋና እችላለሁ ባይም እዚህ ረጋ ይበል።

አንዲት ነፍሰ ጡር ስለተበደለች ምድሩ ውኃ ሆነ፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ ይላል አፈ ታሪኩ። ከዚህ ውኃ መጀመሪያ የተረፈችው እሷ ናት ማለት ነው።

ያ ደረቅ ቦታ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። ትውፊቱ አመሠራረቱን ወደ ንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ይወስደዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ዛሬም አለ። ቦታው ያኔ ደሴት ስለነበር መነኩሴውም ተማሪውም ብራናውም የገባው በታንኳ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ሲመጣም መሻገሪያ መሥራት ግድ እንደሆነበት ተጽፏል። አሁን ውኃው ሸሽቶ በእግር ይገባል፤ ሴት ግን አትገባም።

ከዚያ እስከ ቅርብ ጊዜ ስለ ታንኳ ብዙም የተጻፈ የለም። በ1970 ዓ.ም. ግድም ቆሮሶ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። መረብ የሚጥል ሰውም በዛ።

አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ታዲያ ይኸው ዓሣ አጥማጅ ነው። የደንብ ልብስ የለውም፣ ደመወዝም የለውም። እንግሊዞች በጎ ፈቃደኞች የሚቀዝፉት የነፍስ አድን ማኅበር ያቋቋሙት በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ቅሬ አለው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ቅሬ ዋና ሥራው ቀብር ነው፤ ግን ጥሩምባ ከተነፋ ማን ቤቱ ይቀመጣል?

ውኃ የሚያውቅ ሰው የሚሰምጠውን ሲያይ ዘሎ አይገባም። የደነገጠ ሰው ያገኘውን አንገት አንቆ ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ዘንግ ይዘረጋል፣ ካልደረሰ ገመድ ይወረውራል። ገመድ ከሌለ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አለ። ባለ 20 ሊትሩ አንድን ሰው አንገቱን ከውኃ በላይ አድርጎ ለማቆየት ይበቃል። ያው ጀሪካን ጎኑ ሲቀደድ ደግሞ ከጀልባ ውኃ መቅጃ ይሆናል።

የወጣውን ሰው በእግሩ ገልብጦ ውኃ ማፍሰስ የድሮ ስህተት ነው፤ ጊዜ ያባክናል። ትንፋሽ ከሌለው አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው የሚያዋጣው። እንዲህ ያለውን የመጀመሪያ ዕርዳታ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያሠለጥናል።

የሽርሽር ጀልባ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ተንሳፋፊው ጃኬት ይሰጣል፤ እንግዳው ግን ፎቶ ላይ አያምርም ብሎ መቀመጫው ላይ ያነጥፈዋል። ቀዛፊው እንግዳ ማስቀየም አይወድም። አንዳንዱ ግን «ካልታሰረ አልነሳም» ብሎ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል።