የድድ ሄርፒስ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ውሎ በማግስቱ ከንፈሩ ውኃ የቋጠረ ሰው ብርቅ አይደለም። «ምች መታኝ» ይላል፣ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል። ምች የምንለው ብዙ ነገር ቢሆንም ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው በአብዛኛው ሄርፒስ ሲምፕለክስ ዓይነት 1 የሚባል ቫይረስ ነው። ፀሐይ፣ ትኩሳትና ድካም ይቀሰቅሱታል እንጂ አያመጡትም። ቀድሞ የገባ ነው፣ የፊት ነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖራል።

ይኸው ቫይረስ ድድንም ያቆስላል። በተለይ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛቸው። ብዙዎቹ ላይ ምንም ሳይታይ ያልፋል። የጠናበት ልጅ ግን አንጀት ይበላል፤ በድንገት ያተኩሰዋል፣ ድዱ ቀይ ሆኖ ያብጣል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል፣ ከዚያ ምላሱና ላንቃው ላይ ጥቃቅን ውኃ ያዘሉ ነገሮች ወጥተው ይፈነዱና ቁስል ይሆናሉ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጡት ሲሰጡት ይጮኻል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ «ጥርስ ሊያበቅል ነው»፣ «ግግ ነው» ተብሎ በስለት ግግ ለሚያወጣ ሰው የሚሰጠው ልጅ ነው። እባካችሁ፣ በፍጹም! የቆሰለ ድድ በስለት ሲነካ ይደማል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ይጨመርበታል። አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠትም አይረዳም፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። አሳይክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ግን በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከተጀመረ ሕመሙን ያሳጥረዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ሐኪም ይየው። እስከዚያው ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ውኃ አልቆበታል፣ ይንጋ አትበሉ።

አዋቂዎችስ? የድድ በሽታ ዋናው መነሻ ጥርስ ሥር የሚከማች ባክቴሪያ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ድድ ከጥርስ ተላቆ ጥልቅ ኪስ በሠራበት ቦታ የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረሶችን፣ እነ ኤፕስታይን ባርንና ሳይቶሜጋሎን፣ ከጤነኛ ድድ ይበልጥ አግኝተዋል። መላ ምታቸው ይህ ነው፦ ቫይረሱ የድዱን መከላከያ ሴሎች ያዳክማል፣ ባክቴሪያው ሜዳው ይሆንለታል፣ እብጠቱ ደግሞ ቫይረሱን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። አብረው ተገኙ ማለት ግን አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም፣ ክርክሩም አልተዘጋም። ኤችአይቪ ለብቻው ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሲወርድ ድድ ሕያው ሥጋው እየሞተ የሚቆስልበት ከባድ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ድዱ ያለ ምክንያት እንዲህ የሆነበት ሰው ቢመረመር ጥሩ ነው።

መተላለፊያው ምራቅና ቁስሉ ራሱ ነው። ከንፈራችሁ ላይ ምች ካለ ሕፃን አትሳሙ፣ ፉት ባላችሁበት ብርጭቆም አታጠጡት። አራስ ልጅን ይህ ቫይረስ ሊገድል ይችላል፣ ስለዚህ ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ከንፈሩ ቆስሎ ካያችሁ ይሉኝታ ሳይዛችሁ «አትሳመው» በሉት።