ክራር ከዘመዶቹ ሲገናኝ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የጥንት ታሪክን በኮንሰርት መስማት

አንድ ክራር፣ አንድ የሱዳን ታንቡር እና አንድ የግብፅ ሲምሲሚያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስቱም ከታች ገበቴ አላቸው። ከገበቴው ሁለት ክንድ ይወጣል። ክንዶቹን ከላይ ቀንበር ያያይዛቸዋል። አውታሮቹ ከቀንበሩ ወደ ገበቴው ይወርዳሉ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ በእጁ ዳስሶ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይለያል። የታሪክ ኮንሰርት የሚነሳው ከዚህ ነው። የተለያየ ባህል ያላቸው ሙዚቀኞች የየራሳቸውን የቆየ መሣሪያና ዜማ ይዘው አንድ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። በመሃል ተራኪ ወይም ገጣሚ ይገባል። ሕዝቦች ጥንት በየት በኩል እንደተገናኙ፣ ምን እንደተሰጣጡ፣ ምን እንደተነጣጠቁ አድማጩ በጆሮው ይከተላል።

በዓለም ላይ ይህን መንገድ ካስለመዱት አንዱ የካታሎኒያው ዦርዲ ሳቫል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሄስፔሪዮን የተባለው ቡድኑ የተመሠረተው በ1974 ነው። በኢየሩሳሌም ታሪክ ዙሪያ የአይሁድ፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ዜማዎችን አንድ ላይ አቅርቧል። የባሪያ ንግድን መንገዶችም በሙዚቃ ተከትሏል። ቼሎ ተጫዋቹ ዮ ዮ ማ በ1998 በሐር ንግድ መንገድ ስም ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የናይል ፕሮጀክት ነው። ግብፃዊው ሚና ጊርጊስ እና ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ድምፃዊት ምክሊት ሀደሮ በ2011 የጀመሩት ሲሆን፣ በዓባይ ተፋሰስ አገሮች ያሉ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ በጋራ ያሠራ ነበር። ፖለቲከኞች በውሃው ሲጨቃጨቁ እነዚህ ሰዎች አውታራቸውን ይቃኙ ነበር። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ኮንሰርት ለምን በአዲስ አበባ ዳርቻ? አንደኛው ምክንያት ጸጥታ ነው። መሃል ከተማ የመኪናው ጡሩምባ፣ የግንባታው ድምፅ፣ የጎረቤት ሙዚቃ አለ። በገና ይህን ሁሉ አይችልም። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ታሪኩ ያለው እዚያው ዳርቻው ላይ ነው። በሰሜን እንጦጦ አለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 የነገሡበት እንጦጦ ማርያም እዚያው ነው። በደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ፣ የጥንት ሰዎች አሻራ ያለበት አዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። እዚያው አካባቢ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ደግሞ ባለቤት ያለው አገር ናቸው። የአካባቢው ኦሮሞ ገራርሳ አለው። ገራርሳ ጀግናው የዋለበትን፣ የዘር ሐረጉን፣ የደረሰበትን በደል በዜማ የሚቆጥርበት ነው። ማለትም ታሪክን በዘፈን መናገር ለዚህ መሬት አዲስ ነገር አይደለም። ከሩቅ አገር ሙዚቀኛ አስመጥቶ የደጁን ገራርሳ የዘለለ ኮንሰርት ከመነሻው ጎድሎበታል።

የእንጦጦን ነገር ትንሽ ልዘርዝር። በዓለም የታወቁት በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ የተወለዱት እዚህ ነው። በልጅነታቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ ትልቅ የበገና መምህር ጎረቤታቸው ሆነው መጡ። ልጁ ከእሳቸው ተማረ። በኋላ ዓለሙ ራሳቸውም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። በደርግ ዘመን በገና ከአደባባይ ሲሸሽ ሙያው ያልጠፋው እንደ እሳቸው ባሉ ጥቂት ሰዎች ምክንያት ነው። አንድ ጎረቤት ባይመጣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ይጨንቀኛል።

በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ ከበግ አንጀት ተፈትሎ የሚሠራ ነው። ከታች፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ደርዳሪው እንዚራዋን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ እያለ ቦታዋን ይፈልጋል። ትንሽ ስትስት ድምፁ ደረቅ ይሆናል። ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ እንደ ንብ ቀፎ መንዘር ይጀምራል። ያ እዝዝታ የበገና ነፍስ ነው። ብርድና እርጥበት አንጀቱን ያላላዋል ወይም ያከረዋል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ ማታ ማታ ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ሰው ለመቃኛ ጊዜ መስጠት አለበት። አድማጩም ጋቢውን ይያዝ።

የክራርና የበገና ዘር በጣም ሩቅ ይሄዳል። በ1920ዎቹ በዛሬዋ ኢራቅ፣ ዑር በተባለው ጥንታዊ ከተማ መቃብር ውስጥ 4500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ክንድና ቀንበር ያላቸው መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በግብፅ ቤኒ ሐሰን፣ 3900 ዓመት ገደማ ባለው የመቃብር ሥዕል ላይ፣ ከምሥራቅ የመጣ አንድ መንገደኛ እንዲሁ ያለ መሣሪያ ታቅፎ ይታያል። ግሪኮችም ነበራቸው። ዛሬ ግን የዑሩንና የግሪኩን የምናገኘው በሙዚየም ወይም እንደገና ተሠርቶ ነው። ሕያው ሆኖ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቀጠለው በዋናነት በእኛ በኩል ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ክራር፣ በኑቢያ ኪሲር፣ በኬንያ ሉኦዎች ዘንድ ኛቲቲ፣ በኡጋንዳ እንዶንጎ ይባላል። የእኛ አባቶች በገና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም መጣ፣ የዳዊት መሣሪያ ነው ይላሉ። ይህ የእምነት ትውፊት ነው፤ ኮንሰርቱም በክብር፣ እንደ ትውፊት ሊያቀርበው ይገባል።

ቀይ ባሕር ላይ ሲደረስ ታሪኩ ይከብዳል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የመን ዘመተ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም ተሰደው መጠጊያ አገኙ። የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ማለትም ሰውን በድምፁ ወደ ሶላት የሚጠራው፣ ቢላል የሐበሻ ደም ያለው ሰው ነበር። ድምፁ ነው ታሪክ ውስጥ ያስገባው። የወሎ መንዙማና የያሬድ ዜማ በአንድ ምሽት ሲሰሙ ይህን ታሪክ ማንም አስረጂ ሳይጨምርበት ይናገሩታል። ነገር ግን ባሕሩን በንግድና በስደት ብቻ አልተሻገርነውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ታንቡራ የሚባል መሣሪያ አለ። ከዛር ሥርዓት ጋር ይጫወቱታል። ወደዚያ የተሻገረው ከአፍሪካ በባርነት በተወሰዱ ሰዎች እጅ ነው። ክራርና ታንቡራ በአንድ መድረክ ሲገናኙ ጭብጨባ ብቻ ሊሆን አይገባም። ትንሽ ዝም የሚባልበት ቦታ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ውሕደት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ጊዜ ሱሉልታ አንድ ግቢ ውስጥ ልምምድ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት ክራር ተጫዋችና አንድ በዕድሜ የገፉ ሱዳናዊ የዑድ ተጫዋች አብረው ይሞክራሉ። ሰውዬው መቃኛ ማሽን ይዘዋል። “ላ ስጠኝ” አሉት፤ ላ የተባለውን የሙዚቃ ድምፅ ማለታቸው ነው። ልጁ ግራ ገባው። “ጋሼ፣ እኔ የምቃኘው በድምፄ ነው” አለ። ከዚያ ትዝታን አጉረመረመ፤ ክራሩን በጉርምርምታው ልክ ጠመዘዘ። ሽማግሌው ማሽኑን አጠፉ። ዑዳቸውን ከልጁ ድምፅ ጋር አስማሙ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ያ የተሳካው በምክንያት ነው። የሱዳን ሙዚቃ አብዛኛው እንደ ትዝታ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው። የማሕሙድ አሕመድን ዘፈን ካርቱም፣ የመሐመድ ዋርዲን አዲስ አበባ ያስወደደው አንዱ ይህ ዝምድና ነው። መቃም ከሚባለው ከግብፅ ወይም ከየመን የዜማ ስልት ጋር ግን ነገሩ ይጠነክራል። መቃም ከሁለት ድምፅ መሃል የሚያርፍ ሩብ ድምፅ አለው። አንቺሆዬና አምባሰል የራሳቸው ጠባብ እርምጃ አላቸው። ሁለቱን በግድ አንድ ላይ ማጫወት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ጥሩ አዘጋጅ መጀመሪያ ሁሉንም ለየብቻ ያሰማል። የሚገናኙትን ያገናኛል። የማይገናኙትን ተራ በተራ ያቀርባል። ኪቦርድ ከሥር አስገብቶ ሁሉንም አንድ ቀለም የሚቀባ ፊውዥን ለሰርግ ይሁን፤ ታሪክ ግን አይሆንም።

ሌላው ነገር ሐቀኝነት ነው። “የአክሱም ሙዚቃ” ብሎ ፖስተር ላይ መጻፍ አይቻልም። ከአክሱም ዘመን በጽሑፍ የተቀመጠ የዜማ ምልክት የለንም። ቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ለቅዱስ ያሬድ፣ ለ6ኛው ክፍለ ዘመን ትሰጣለች። የዜማው ምልክት ግን የተደራጀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፤ የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ስም ይነሳበታል። ስለዚህ ተራኪው የወረስነውን “ወረስነው”፣ የገመትነውን “ገመትነው” ማለት አለበት። ሰው በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ጆሮውን ይበልጥ ያቆማል። የበገናውን ወግ ማክበርም እዚሁ ላይ ይነሳል። በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነው። ቢራ የሚቀዳበት ቦታ ላይ አስቀምጦ “ባህል ነው” ማለት ደርዳሪውን ያስቀይማል። ክራር ለዚያ ይሆናል።

ማዋሐዱን ራሱን የጀመርነው ግን ዛሬ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የናስ ሙዚቃ ባንድ አቋቋሙ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሰስ ደግሞ ለዘመናዊ ሙዚቃችን ብዙ ሠርተዋል። ሙላቱ አስታጥቄ አራቱን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አገናኝቶ ኢትዮ ጃዝን ወለደ። በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉትን የደራሼዎችን የዋሽንት ሙዚቃ ከምሁራን ፊት ካነሱት አንዱም እሱ ነው።

ቦታ የሚፈልግ ሰው በደቡብ ምዕራብ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ይመልከት። በ2019 ተከፈተ፤ ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ ግን መልካ ቁንጡሬ ነው። በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እዚያ ከ700,000 ዓመት በፊት ጭቃ ላይ የተራመዱ ሰዎች ዱካ ተገኝቷል፤ ከነሱ ውስጥ የሕፃናት እግርም አለ። ባልጩት የምንለው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይም እዚያው ባልጪት የተባለ ቦታ ላይ ይወጣል። ጥንት የነበሩ ሰዎች መቁረጫ ሠርተውበታል። እስከ ቅርብ ዘመን ደግሞ በአገራችን ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት ይፍቁ ነበር። የተፋቀው ቆዳ ከበሮና የክራር ገበቴ ይለብሳል።

እዚያ ኮንሰርት አዘጋጅ ብባል ቅደም ተከተሉ ከወዲሁ ይታየኛል። ማይክ የለም፣ ጀነሬተር የለም። መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ ጭብጨባ። ቀጥሎ ድንጋይ፤ በየገዳማቱ እንደ ደወል የሚመታው መረዋ፣ “ድምፀ መረዋ” የምንልበት ራሱ። ከዚያ ቆዳ፣ ከበሮ። ከዚያ የአካባቢው ሽማግሌ በገራርሳ እንግዶቹን ይቀበሉ። ክራሩ፣ ታንቡሩና ሲምሲሚያው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ፀሐይ አዋሽ ላይ ዘንበል ስትል።