ስለ ዝንብ ሴልና ስለ ሲግናል ፕሮቲን በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ደብረ ብርሃን ላይ የባዮሎጂ ተማሪዎች ሳስጠና ሲግናል (ከሴል ወደ ሴል የሚሄድ መልእክት) የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች እንዴት ሜምብሬን (የሴሉ የውጭ ሽፋን) ጋ ይደርሳሉ የሚለው ላይ ስንደርስ ሁሌ የሚመጡ አባባሎች አሉ፣ ምሳሌያችን የፍራፍሬ ዝንብ ስለሆነች ከእሷ ጀምረን እስቲ እንያቸው።

«የፍራፍሬ ዝንብ ማለት ሸዋ ሮቢት ማንጎ የምታበላሸው ናት»
አይደለችም። ላብ ውስጥ የምትጠናው ድሮሶፊላ 3 ሚሊ ሜትር እንኳን በቅጡ የማትሞላ፣ የበሰበሰ ሙዝና የጠላ ጣሳ ላይ የምታንዣብበዋ ናት። ጤነኛ ማንጎ ወግታ እንቁላል የምትጥለው የሌላ ቤተሰብ ነች።

«ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ ተንሳፍፎ ሄዶ ሜምብሬን ላይ ይለጠፋል»
ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሜምብሬን ላይ የሚቆሙትም ሆነ ከሴል የሚወጡት አብዛኞቹ መጀመሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ሴሉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚሰናዳበት ክፍል) ይገባሉ፣ እዛ ይታጠፋሉ፣ ከዛ በቬሲክል (ትንንሽ ከረጢት) ተጭነው ጎልጂ (ፕሮቲን ተለይቶ ወደየቦታው የሚላክበት ክፍል)፣ ከጎልጂ ደግሞ ሜምብሬን፣ በደንብ ያልታጠፈ ደግሞ አይለቀቅም። የዝንቧን ዓይን ውሰዱ፣ ብርሃን የሚቀበለው ሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን ኒናኤ (ninaA) የሚባል አጋዥ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ኒናኤ የተበላሸባት ዝንብ ላይ ሮዶፕሲኑ ሬቲኩለሙ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። የሮዶፕሲኑ ጂን ደህና ነው፣ ፕሮቲኑም ተሠርቷል፣ ግን ቦታው አልደረሰም!

«ሁሉም በአንድ ዓይነት አካሄድ ነው የሚሄደው»
ኧረ የለም። ዊንግለስ የሚባለው የዝንብ ሲግናል ፕሮቲን ላይ ፖርኩፓይን የሚባል ኤንዛይም ፋቲ አሲድ ይለጥፍበታል፣ ከዛ ዊንትለስ የሚባል ተሸካሚ ሜምብሬን ድረስ ይወስደዋል። ዊንትለስ ራሱ ግን እዛ አይቀርም፣ ሬትሮመር የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ ወደ ጎልጂ ይመልሰዋል፣ ልክ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሰው አራግፎ ለሌላ ጭነት ደብረ ብርሃን እንደሚመለስ ሚኒባስ። ሬትሮመር ከሌለ ዊንትለስ ላይሶዞም (የሴሉ መፍጫ ክፍል) ውስጥ ገብቶ ይፈጫል፣ ዊንግለስም መውጣት ያቅተዋል። ስፒትዝ የሚባለው ሌላ ሲግናል ፕሮቲን ደግሞ ስታር የሚባል ፕሮቲን ካልወሰደው ከሬቲኩለም ንቅንቅ አይልም፣ ከወጣም በኋላ ሮምቦይድ የሚባል ኤንዛይም ካልቆረጠው ሲግናል አይሆንም። ሄጅሆግ የሚባለው ሲግናል ፕሮቲን ላይ ደግሞ የሚጨመረው ኮሌስትሮል ነው (ኮሌስትሮል ሁሌ መጥፎ ነው ለሚል ሰው ንገሩልኝ)።

«ሜምብሬን ላይ የሚሠራ ፕሮቲን ሁሌ እዛው ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው»
የሄጅሆግን ሲግናል ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፈው ስሙዝንድ የሚባል ፕሮቲን እንደዛ አይደለም። ዝንብ ላይ ሄጅሆግ ከሌለ አብዛኛው ውስጥ ቬሲክል ላይ ነው ያለው፣ ሄጅሆግ ሲመጣ ነው ሜምብሬኑ ላይ የሚከማቸው።

«የዝንብ ነገር ለሰው ምን ያደርጋል»
ኑስላይን ፎልሃርድና ቪሻውስ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በፈረንጆቹ 1980 የሄጅሆግን ጂን ሪፖርት ያደረጉት የዝንብ እጮች እያዩ ነው፣ 1995 ላይ ኖቤል ወስደዋል። የሰውን ስሙዝንድ የሚያግደው ቪስሞዴጊብ ደግሞ 2012 ላይ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር መድኃኒትነት ተፈቅዷል።